ደቡሲን እንዴት ነው የምትሰሙት? እኔ ኔትወርክ የጠፋ መስሎኝ ነበር

ማኪያቶ_ያለስኳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነብ ቆይቼ ዛሬ ገና መጻፌ ነው። አትሳቁብኝ።

የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ከበሮና እልልታ ነው የሚውለው። ማታ ሲሆን ማንም የማይዘፍንበት ነገር ያምረኛል። ባለፈው አንዷ ሙሽራ መጨረሻው ላይ የፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የደቡሲን ፒያኖ አስገቢልኝ አለችኝ፤ ሳስገባው ወደድኩት። እሱን ተከትዬ የኦርኬስትራ ሥራዎቹን ፈለግኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ "የፋውን ከሰዓት በኋላ" የሚሉት ነው።

ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ። አንድ ፍሉት ብቻውን ይጀምራል። ሃርፕ ሽርር ይላል። ሆርኖች ያቃስታሉ። ከዚያ ጸጥ። ኔትወርክ ጠፋ ብዬ ስልኬን አየሁት፤ ሰዓቱ ይቆጥራል። ዘግቼ ከፈትኩት፤ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ጸጥ። ተውኩትና "ላ ሜር" ወደሚባለው ሄድኩ። ምንም አይሰማም። ድምፁን እስከ ጫፍ ጨመርኩት። ትንሽ ቆይቶ ድንገት ሲያንባርቅ ክው ብዬ ኢርፎኑን ነቀልኩ። አጠገቤ የነበሩት እናት "ምነው ልጄ፣ መርዶ ነው?" አሉኝ።

እና ጥያቄዬ፦ ዜማው የቱ ጋ ነው? ጥፋቱ የኔ ነው፣ የስልኬ ነው ወይስ የቀረጻው? የአንዱ ሥራ ቀረጻ ራሱ መዓት ነው፤ የየትኛውን የኦርኬስትራ መሪ ልስማ? "ላ ሜር" ባሕር ማለት ነው አሉ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ትልቁ ውኃዬ ላንጋኖ ነው።

ቀበና_ልጅ | ከምሽቱ 3፡18

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከታክሲው ውረድ።

ማኪያቶ_ያለስኳር | ከምሽቱ 3፡19

እህት ነኝ። ወርጃለሁ።

ዋሽንት_ነፊ | ከምሽቱ 3፡47

በሳቅ ገደልሽኝ። ኔትወርኩ ደህና ነው። ያ ዝምታ ኖታው ላይ የተጻፈ ነው። ስድስተኛዋ ሜዠር (ኖታው የሚከፋፈልባት ትንሿ ክፍል) ባዶ ናት፤ ማንም አይጫወትም። ከዚያ ሃርፑና ሆርኖቹ የቅድሙን ይደግሙታል፣ ነቅቶ ዙሪያውን አይቶ ተመልሶ እንደሚተኛ ሰው። ደቡሲ የተነሳው ከስቴፋን ማላርሜ ግጥም ነው። ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ፍየል የሆነ ፍጡር በሙቀት ከሰዓት ያንቀላፋል፤ ያየው ነገር ሕልም ይሁን እውነት አይለይለትም። ይሄን ካወቅሽ ዝምታው አያስደነግጥሽም።

ስለ ፍሉቷ ደግሞ ላውራሽ፣ ምክንያቱም ዋሽንትም ፍሉትም እነፋለሁ። የምትጀምረው ከዶ ሻርፕ ነው። በፍሉት ላይ ያቺ ኖታ ጣት ሁሉ ከሞላ ጎደል ተነስቶ፣ ቀዳዳው ተከፍቶ ነው የምትነፋው። ቱቦው ብዙም ስለማያግዝሽ ድምፁ ገርጣ ይላል፣ ትንሽ ባዶ ይሆናል። ማንም ጀማሪ ፍሉተኛ ያቺን ኖታ አይወዳትም። ደቡሲ ግን አሥር ደቂቃ ሙሉ የሚሄድ ሥራ በእሷ ጀመረ። ከዚያ ወደ ታች ትንሸራተታለች፣ ተመልሳ ትወጣለች፣ እንደገና ትንሸራተታለች። ሐረጉን በአንድ ትንፋሽ ካልጨረስኩ የሚል ፍሉተኛ አለ፤ ተንፍሶ የሚቀጥልም አለ። ቀረጻ ስታወዳድሪ መጀመሪያ እሱን ስሚ።

ዜማው የቱ ጋ ነው ላልሽው፣ ያቺው ናት። እየተመለሰች ትመጣለች፤ ከሥሯ ያለው ቀለም ነው የሚቀያየረው። ትራምፔት የለም፣ ትሮምቦን የለም፣ ቲምፓኒ የሚሉት ትልቁ ከበሮም የለም። መጨረሻው አካባቢ ትንንሽ የነሐስ ሳህኖች ቲን ይላሉ። ሚኒባስ ውስጥ እሱን መስማት ዘበት ነው።

ሸክላ_ሰብሳቢ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። እኔም ላ ሜርን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ዕለት ሸክላው ተበላሽቷል ብዬ መርፌውን አንስቻለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

መግቢያው ላይ ኮንትራባሶቹ አንድ ኖታ ይዘው ይቀመጣሉ። ቲምፓኒው ከሩቅ ይንከባለላል። ሃርፖቹ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። ገና አልነጋም እኮ። የክፍሉ ስም "ከንጋት እስከ እኩለ ቀን በባሕር ላይ" ነው። የሙዚቃ ደራሲው ኤሪክ ሳቲ በዚህ ስም ቀልዷል፤ በተለይ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ያለችዋን ቦታ ወደድኳት አለው ይባላል። ሰዓቱን ወደኛ ቀይሬዋለሁ።

በወጣትነቴ ምጽዋ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባሕሩ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው ብርሃኑ ነው። ግራጫ የነበረው ሳታይው ብር ይሆናል፣ ከዚያ ወርቅ፣ ከዚያ ዓይን አያስገልጥም። ማዕበል ልይ ብሎ የመጣ ሰው ተሰላችቶ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ይህን ሙዚቃም እንደዚያ ነው የምሰማው። ማን ከማን ጋር ድምፁን ቀላቀለ? ይሄን ብቻ ነው የምከታተለው። ገና መግቢያው ላይ ኮር አንግሌ (የኦቦ ዘመድ የሆነ የትንፋሽ መሣሪያ) እና አፉ የታፈነ ትራምፔት አንድ ዜማ አብረው ይጫወታሉ። በደንብ ስሚው፤ ከሁለቱም ያልሆነ፣ ስም የሌለው ሦስተኛ መሣሪያ ይመስላል። ለኔ ደቡሲ ማለት ያቺ ቦታ ናት።

የመጀመሪያው ክፍል እኩሌታ ላይ ደግሞ ቼሎዎቹ ይወጣሉ። ደቡሲ 16 ቼሎ ብሎ ጽፏል፣ በአራት ተከፍለው። ያን ያህል ቼሎ ያለው ኦርኬስትራ ጥቂት ነው። ጥሩ ቀረጻ ላይ አንድ ግዙፍ ነገር ከውኃ ውስጥ ጀርባውን ብቻ ብቅ እንዳደረገ ያህል ነው።

ባሕር አላየሁም ስላልሽው፣ ሥራውን የጀመረው በ1903 ቡርጎኝ ውስጥ ነው፤ ባሕር በአጠገቡ የማያልፍ የወይን አገር። የጨረሰው በ1905 ነው፤ የኅትመቱን እርማት ያየው እንግሊዝ አገር ኢስትቦርን ላይ፣ ሆቴል ተቀምጦ። የዚያኑ ዓመት ጥቅምት ላይ ፓሪስ ውስጥ ተጫወቱት። የታተመው ኖታ ሽፋን ላይ የጃፓናዊው የሆኩሳይ ማዕበል አለ። ከትዝታና ከሥዕል ነው ባሕሩን የሠራው። ላንጋኖ ይበቃሻል።

የኔ ቀረጻ ሻርል ሙንሽ ከቦስተን ሲምፎኒ ጋር በ1956 በገዛ አዳራሻቸው የቀረጹት ነው። ስቴሪዮ ገና ብርቅ ነበር፤ ማይክሮፎኑም ጥቂት። የመጨረሻው ክፍል፣ የነፋስና የባሕር ወግ፣ በሙንሽ እጅ ያስፈራል። በእሱ ጀምሪ።

ሲግናል_ኖይዝ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡05

ኤዲተር ነኝ ካልሽ ሥራው ቀላል ነው። ላ ሜርን ታይምላይንሽ ላይ ጣይው። አጠገቡ የሠርግ ዘፈን አስቀምጪ። የሁለቱን ዌቭፎርም፣ የድምፃቸውን ሥዕል፣ እያቸው። የሠርጉ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጡብ የሞላ ነው። የደቡሲው መጀመሪያ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ነው፣ ከዚያ ድንገት ራስ ዳሽን ይሆናል።

ታክሲ ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ያንን ፀጉር ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። አንቺ ትጨምሪያለሽ፣ ተራራው ሲመጣ ትደነግጫለሽ። ስለዚህ ከጫፉ ጀምሪ። የመጨረሻውን ክፍል የመጨረሻ ደቂቃ ክፈችና የምትችይውን ያህል ድምፅ እዚያ ላይ ወስኚ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሺ፣ ድምፁን አትንኪ። ትንሽ ሆኖ ቢሰማሽም ተይው፤ እንደዚያ እንዲሆን ነው የተጻፈው።

የስልኩን ባስ ማጠንከሪያ አጥፊ። ኢኩዋላይዘሩንም። ዩቲዩብ ላይ ከአሮጌ ሸክላ ገልብጠው የሚጭኑት ላይ ተጠንቀቂ፤ ኮሽታውን እናጠፋለን ብለው የሃርፑንና የሲምባሉን ጫፍ አብረው ይላጩታል። ፎርማት፣ ባለ ብዙ ብር ገመድ ምናምን የሚሉሽን አትስሚ። ጸጥ ያለ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል።

ሌሊት_ሹፌር | ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡20

ዋሽንግተን ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። ባዶውን ስሄድ ከክላሲካል ጣቢያ አልወጣም። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሙንሽ ይቸኩላል። ቀይ መብራት የሚጥስ ሹፌር ነው። የመጨረሻው ክፍል ላይ ሕዝቡን ይዞ ይሮጣል፤ ብዙ ነገር በመስኮት ያልፍሻል።

ፒየር ቡሌዝ ከክሊቭላንድ ኦርኬስትራ ጋር በ1990ዎቹ የቀረጸውን ስሚ። ሰውየው ራሱ የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ኖታውን እንደ ሰዓት ሠሪ ፈትቶ ነው የገጠመው። ሁሉም ነገር ይታያል። እዚያው ዲስክ ላይ "ዦ" አለ፣ የደቡሲ የመጨረሻው ትልቅ የኦርኬስትራ ሥራ። ግንቦት 15 ቀን 1913 ፓሪስ ቀረበ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ እዚያው ቲያትር ቤት የስትራቪንስኪ ባሌት "የፀደይ ሥርዓት" ያን ሁሉ ሁከት አስነሳና "ዦ"ን የሚያስታውሰው ጠፋ። ያሳዝናል።

ደግሞ "ኖክቱርን"ን እንዳትረሺ። ሁለተኛው ክፍል "ፌት" ነው፣ በዓል ማለት። መሐሉ ላይ ጭፈራው ይቆማል፤ ከሩቅ ሦስት አፋቸው የታፈነ ትራምፔቶች ይመጣሉ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ከሥር የእግር ኮቴ የመሰለ ምት አለ። ሰልፍ ነው። እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ እላይሽ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት መኪናዋን ዳር አቁሜያለሁ። ልጅ ሆኜ ጃን ሜዳ አባቴ ትከሻ ላይ ተቀምጬ ታቦቱ ከሩቅ ሲመጣ፣ ገና ጥላው ሳይታይ ድምፁ ቀድሞ የሚመጣው ነገር አለ አይደል? እሱ ነው። ደቡሲ ጥምቀትን አያውቅም፣ አውቃለሁ። ለኔ ግን እሱ ነው። የዚህን ቀረጻ ከበርናርድ ሃይቲንክና ከአምስተርዳሙ ኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ ውሰጂ፣ 1979።

ሸክላ_ሰብሳቢ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

የሃይቲንኩን እቀበላለሁ። ቡሌዝን ግን፣ ወንድሜ፣ ሁሉም የሚታይበት ባሕር ባሕር አይደለም፤ የታጠበ ብርጭቆ ነው።

ሌሊት_ሹፌር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡22

ጋሼ፣ ብርጭቆ በእጅ ይያዛል። የሙንሽን ማን ይይዘዋል?

ሀገሬን_ጠባቂ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

የራሳችሁን ሙዚቃ ሰምታችሁ ጨርሳችሁ ነው የፈረንሳይ የምትለቃቅሙት?

ዋሽንት_ነፊ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡44

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሙሉ ዋሽንት ሳስተምር ነው የዋልኩት። አንተስ?

ሐይቅ_ዳር_ጄኔቭ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ክሩን ዘግይቼ አየሁት። ጄኔቭ ነኝ፤ ቪክቶሪያ ሆል ከሥራ ቦታዬ በእግር ነው። ኤርነስት አንሰርሜ በ1918 ያቋቋመው የስዊስ ሮማንድ ኦርኬስትራ እስካሁን እዚያ ይጫወታል። አንሰርሜ መጀመሪያ የሒሳብ መምህር ነበር። ደቡሲንና ሌላውን ፈረንሳዊ ደራሲ ራቬልን በአካል ያውቃቸዋል። ላ ሜርንም ደጋግሞ ቀርጾታል። ኦርኬስትራው እንደ ቦስተን የተወለወለ አልነበረም፣ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ቫዮሊኖቹ አንድ ላይ አይገቡም። ግን ስትሰሙት የሙዚቃው ቋንቋ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነው የሚያወራችሁ።

እዚህ ክር ላይ ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ የመሣሪያው ድምፅ። ባሱን የሚባለው ረጅሙ የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ አለ፤ ፈረንሳዮች የራሳቸው ባሱን ነበራቸው። ዛሬ በየቦታው የምትሰሙት የጀርመኑ ባሱን ወፍራምና ለስላሳ ነው። የፈረንሳዩ ቀጠን ይላል፣ በአፍንጫ ይናገራል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ሳክስፎን ይመስላል። ሆርናቸውም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከለንደን የመጣ ሰው ሊስቅበት ይችላል። ደቡሲና ራቬል ሲጽፉ ጆሯቸው ውስጥ የነበረው ግን ያ ድምፅ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ እየጠፋ ሄደ። እሱን የፈለገ የአንድሬ ክሉይተንስን የራቬል ቀረጻዎች ያዳምጥ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከፓሪስ ኮንሰርቫቷር ኦርኬስትራ ጋር። ያ ኦርኬስትራ በ1967 ፈረሰ፤ በቦታው የፓሪስ ኦርኬስትራ ተተካ፤ የመጀመሪያው መሪው ደግሞ ማን መሰላችሁ? የጋሼ ሙንሽ። ድምፁ ጥርት ይበልልኝ የሚል ሰው ፍራንሷ-ግዛቪዬ ሮት ሌ ሲየክል የተባለውን ኦርኬስትራ እየመራ የቀረጻቸው አሉለት። በዘመኑ መሣሪያ ነው የሚጫወቱት።

አንድ ቀረጻ ብቻ ይዘሽ ደሴት ሂጂ ብባል ፒየር ሞንቱ የመራውን የራቬልን "ዳፍኒስ እና ክሎዬ" ነው የምይዘው፣ ከለንደን ሲምፎኒ ጋር፣ 1959። ሞንቱ ይህን ባሌት በሰኔ 1912 ፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ሰው ራሱ ነው። ከ47 ዓመት በኋላ፣ በ84 ዓመቱ፣ ስቱዲዮ ገብቶ ቀረጸው። አይቸኩልም፣ አያለቅስም። "ንጋት" የሚባለው ክፍል ላይ ፍሉቶችና ክላርኔቶች እንደ ምንጭ ይንፎለፎላሉ፣ ዜማው ከታች፣ ከባሶቹ ሥር፣ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ወፍ ይጮኻል፤ መዘምራኑ ያለ ቃል ይገባሉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ለንደኖቹ ዋና መሪ አደረጉትና የ25 ዓመት ኮንትራት ፈረመ። በ86 ዓመቱ!

ቀበና_ልጅ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡12

እኔ ቤት ኪራይ ለስድስት ወር የሚፈርምልኝ አጥቻለሁ።

ክራር_በአምስት | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

አንድ ጥያቄ። የራቬልን "ማ ሜር ልዋ" ስሰማ ሦስተኛው ክፍል ላይ ቆምኩ። ክራሬን አንስቼ አብሬ ሞከርኩት፤ ገጠመ! ትዝታ ሜጀር ነው። ከየት አመጣው? ከኛ ነው የወሰደው?

ዋሽንት_ነፊ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡10

ኖታዎቹ ገጥመዋል፣ ልክ ነህ። ያ ክፍል ስለ አንዲት የፓጎዳ ንግሥት ነው፤ መጀመሪያ ለፒያኖ ሲጻፍ አብዛኛው ዜማ በጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ነበር። ጥቁሮቹ አምስት ናቸው፤ በተራ ብትነካቸው ትዝታ ሜጀር ይወጣልሃል። የራቬል ዓይን ግን ወደ እስያ ነበር። በ1889 ፓሪስ ላይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተካሄደ፣ የኤፍል ግንብ የተሠራለት። ከጃቫ የመጡ ሰዎች ጋሜላን ተጫወቱበት፤ የነሐስ ደወልና ሳህን ነው መሣሪያቸው። ደቡሲ እየተመላለሰ ሰምቷል። ራቬል ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ እሱም ነበረ። ከዚያ በኋላ ፓሪስ ውስጥ አምስት ኖታ ፋሽን ሆነ።

እና አምስቱ ኖታ ስለገጠመ ቅኝቱ ገጠመ ማለት አይደለም። ትዝታ የምታርፍበት ቦታ አላት፣ የምትንቀጠቀጥበት አላት፣ ድምፃዊው የሚያዘገይባት ጫፍ አለቻት። የራቬሉ ዝም ብሎ ይፈስሳል፣ አያርፍም። ሁለቱን አከታትለህ ስማቸው፤ ፊደሉ አንድ፣ ቃሉ ሌላ።

ክራር_በአምስት | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡25

ገባኝ። ግን አብሬ መምታቴን አልተውም።

ሸክላ_ሰብሳቢ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡50

ርዕሱን ስመለከት ማንም "ኢምፕሬሽኒስት" አላለም፤ ደስ ብሎኛል። ደቡሲ ቃሉን አይወደውም ነበር። በ1887 የፓሪስ አካዳሚ ሰዎች አንዱን የወጣትነት ሥራውን ሲነቅፉ ነው ያቺን ስም የለጠፉበት፣ ድብስብስ ያለ ኢምፕሬሽኒዝም ብለው። በ1908 ለአሳታሚው ሲጽፍ፣ እንደዚያ የሚሉት ቂሎች ናቸው እስከማለት ደርሷል። ሱቁ ውስጥ ግን ሸክላው በዚያ ስም ሥር ነው የሚደረደረው፤ ምን ታደርገዋለህ።

ሲግናል_ኖይዝ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡05

ጋሼ፣ የራቬልን ቦሌሮ እዚህ ውስጥ ያስገቡታል?

ሸክላ_ሰብሳቢ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40

ቦሌሮ ሌላ እንስሳ ነው። ጉም የለበትም፤ ፋብሪካ ነው። ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ቀለሙ ብቻ ነው። ከበሮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያቺኑ ምት ይመታል፣ ዜማው ከፍሉት ወደ ክላርኔት፣ ከክላርኔት ወደ ባሱን እየተቀባበለ ሩብ ሰዓት ያህል ያድጋል። መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ዜማው የቆመበትን የድምፅ መሠረት ይቀይራል፤ ያኔ ወንበርህ ይንቀሳቀሳል። ቶስካኒኒ በ1930 ፓሪስ ላይ ሲመራው ራቬል አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ፈጠንክ ብሎ ተጣልቶታል። ራቬል ራሱ የመራው ቀረጻም አለ፣ የዚያው ዓመት። ዝግ ይላል፤ ወደ አሥራ ስድስት ደቂቃ።

ከቦሌሮ ጋር ያለኝ ቂም ግን የግሌ ነው። ሸክላዬ ላይ መጨረሻው ሁልጊዜ ይሰነጠቅ ነበር። ልክ ያ ትልቁ ፍንዳታ ሲደርስ ክርርር። አምፕሊፋየሩ ነው ብዬ ለአንድ ጠጋኝ ወሰድኩት፤ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ምንም። በመጨረሻ ነው የገባኝ። ሸክላ ሲዞር ፍጥነቱ አንድ ነው፤ ነገር ግን መርፌው ወደ መሐል በቀረበ ቁጥር ክቡ እየጠበበ ስለሚሄድ በሴኮንድ የሚያልፈው መንገድ ያጥራል። ድምፁ ይጨናነቃል። ሌላ ሙዚቃ መጨረሻው ላይ ዝቅ ስለሚል አይታወቅም። ቦሌሮ ግን ከጸጥታ ጀምሮ በጩኸት የሚያልቅ ነው፤ ጩኸቱ የሚደርሰው ቦታው የጠበበበት ላይ ነው። ራቬል ሸክላን ለማሰቃየት የጻፈው እስኪመስለኝ ድረስ! ልጄ ሲዲ ገዝቶ ሲያመጣልኝ መጨረሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት ማለት ይቻላል። ከወደድኩት አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር።

ሲግናል_ኖይዝ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡52

ጠጋኙ ምን አሎት?

ሸክላ_ሰብሳቢ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡55

"ትራንስፎርመር ነው" አለኝ። ሁለቱንም ጊዜ።

ማኪያቶ_ያለስኳር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5፡20

ተመለስኩ። ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፣ በተለይ ለምጽዋው።

መጀመሪያ ዌቭፎርሙን አየሁት። እውነትም ፀጉር ነው። ለሥራ ባልደረባዬ ሳሳየው "ይሄ እንኳን ኤክስፖርት ሲደረግ ተበላሽቶ ነው" አለኝ።

ትናንት ማታ ሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሥራ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ፣ ፍሪጁ እንኳን ዝም አለ። ስልኬ ስልሳ ፐርሰንት ነበረው። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ መጨረሻውን ከፍቼ ድምፁን ወሰንኩ፣ ከዚያ የሙንሹን ላ ሜር ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ኮንትራባሶቹ አሉ። ሃርፑ ጠብ ጠብ ይላል። ያንን ስም የሌለውን መሣሪያ ስጠብቅ ነበር፤ ሲመጣ አወቅኩት። ሁለት ሰው አንድ ጉሮሮ ያለው ይመስላል። ቼሎዎቹ ጋ ስደርስ ፈገግ ብዬ ነበር መሰለኝ። መጨረሻው ላይ ግን የሹፌሩ ነገር ትዝ አለኝ፤ አዎ ይሮጣል። እና ቡሌዙን ቀጠልኩ። ጋሼ አይቀየሙኝ፣ ሁለተኛው ክፍል፣ የማዕበሎቹ ጨዋታ፣ በቡሌዝ ይሻለኛል። ትንንሽ ነገሮቹ ሁሉ ይታያሉ። የመጨረሻው ግን የሙንሽ ነው። እዚያ ላይ መያዝ አልፈልግም።

ሞንቱን ለነገ አስቀምጫለሁ፤ ባትሪው ወደ አሥር ወርዶ ነበር።

በቀረችው ባትሪ ፋውኑን ከፈትኩ። ፍሉተኛው ገና ሳይነፋ ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁት። በፊት ያልሰማሁት ነገር ነው። ገርጣ ያለችዋ ኖታ፣ ሃርፑ፣ ሆርኖቹ። ከዚያ ያቺ ባዶ ሜዠር መጣች። ትንፋሼን ያዝኩ። ልክ እዚያ ላይ የጎረቤት ውሻ ጮኸ።

መልሼ ከመጀመሪያው ከፈትኩት።

ቀበና_ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5፡24

ውሻው የስንት ዓመት ቀረጻ ነው? በፈረንጅ ንገሪን።